ወለዱ የታገደ መሬት

በእኛ አገር አንዲትን ሴት «ባለሙያ ናት» ካሏት በኋላ ሌላ የሚጠየቅ ነገር የለም። ሙያ ማለት ጠላው እንዳይቆመጥጥ፣ ሽሮው እንዳይጎረብጥ፣ አዲሱ እህል ሳይደርስ ጎተራው እንዳይራቆት ማድረግ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን፣ ውሉን፣ ብድሩን፣ ዋሱን፣ ወንዶች ዛፍ ሥር ተቀምጠው ይጨርሱታል። ሴቲቱ ጠላውን ቀድታ ወደ ጓዳዋ ትመለሳለች። ይህን ባሰብሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። የወንድሜ ሚስት አልጣሽ ከጋይንት እስከ ስማዳ ወደር የማይገኝላት ባለሙያ ነበረች፤ ቤቷም የፈረሰው በዚሁ ባለሙያነቷ ነው።

አልጣሽ የስማዳ ልጅ ናት። ወንድሜ ማሩ ሲያገባት እኔ በጎረቤት መንደር ትዳር ይዤ፣ ልጆች ወልጄ ነበር። መጀመሪያ ቤቷ የሄድሁ ዕለት ጎተራዋን ስታሳየኝ ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ገብስና ስንዴ፣ ባቄላና አተር ለየብቻ መቀመጡ ያለ ነው፤ እሷ ግን ገብሱን ራሱን ከፋፍላዋለች። ይኸኛው የዘር ነው፤ ይኸኛው የክረምት ነው፤ ይኸኛው የእንግዳ ነው፤ ያ ከጥጉ ያለው ደግሞ ለማኅበር ጠላ የሚሆን ነው።

«ማሩ ቢርበው ከየትኛው ይበላል?» አልኋት።

«ሁሉም የማሩ ነው፤ ግን ጠይቆ ነው» አለችኝ ኮስተር ብላ።

ነሐሴ ላይ የመንደሩ ሴት ሁሉ ቁና ይዞ እህል ፍለጋ ሲንከራተት የአልጣሽ ጎተራ አንድም ቀን ተጠርጎ አያውቅም። ዓርብ ዓርብ ቅቤዋንና እንቁላሏን ይዛ አርብ ገበያ ትወርዳለች፤ ጨውና በርበሬዋን ትገዛለች፤ የተረፈውን በመቀነቷ ጫፍ ቋጥራ ትመለሳለች። ፊደል አልቆጠረችም። ግን የየገበያውን ዋጋ፣ የዘንድሮውንም የአምናውንም፣ በቃሏ ትይዘዋለች።

ማሩ ደግ ሰው ነው፤ ሒሳብ ግን አይሆንለትም። ገና እንደ ተጋቡ ጠቦት ሊሸጥ ሄዶ፣ እሷ ካለችው ዋጋ አሳንሶ ሰጥቶ መጣ። በሳምንቱ የዚያው እናት ልጅ የሆነው ሌላው ጠቦት እሷ በጠራችው ዋጋ ተሸጠ። ሌላ ጊዜ ደግሞ አተሩን ቶሎ እንሽጥ ብሎ ተከራክሯት፣ እሷ «ቆይ» ብላ ክረምት ላይ እጥፍ አወጣችለት። እንዲህ እንዲህ እያለ ማሩ መከራከሩን ተወው። «አልጣሽ ታውቃለች» ማለት ልማዱ ሆነ። እኛም ወንድማችን እንዲህ ያለች ሚስት በማግኘቱ ኮራን። የዋህ ነበርን።

በ1949 ዓ.ም. አባታችን አቶ ገብሬ አረፉ። አባታችን በሕይወት ሳሉ የሰው ተዝካር የበሉ፣ የሰው ድግስ ያደመቁ ሰው ናቸውና የእሳቸው ተዝካር በትንሹ ሊወጣ አይችልም። ከቤተ ልሔም ደብር ካህናቱ ይጠራሉ፤ ሰንጋ ይጣላል፤ ማሩ የአባቱን ቤት የወረሰ ልጅ ስለሆነ ወጪው በእሱ ላይ ነው። እኛ ሴቶቹ ቅቤና ብቅል ነው ያዋጣነው። ማሩ ባለጸጋው ግራዝማች ጥጋቡ ዘንድ ሄዶ መቶ ሃያ ብር ተበደረ፤ መያዣ አድርጎም «ወይራ ሥር» የምትባለውን ማሳችንን ሰጠ። ከመሬታችን ሁሉ የማትከዳን እሷ ነበረች። ሌላው ማሳ ተዳፋትና ጭንጫ ነው፤ ውርጭም ይመታዋል።

ውሉ ወለድ አገድ ይባላል። ላልሰማው ሰው ልንገረው። ተበዳሪው ለብሩ ወለድ አይከፍልም፤ በወለዱ ፈንታ አበዳሪው መሬቱን ይዞ እያረሰ እህሉን ይበላል። ብሩ ግን እንዳለ ይቆማል። ተበዳሪው መቶ ሃያውን ብር ቆጥሮ እስኪመልስ ድረስ ዓመት ቢሆን፣ ሃያ ዓመት ቢሆን፣ መሬቱ አበዳሪው እጅ ነው። ይህን ዛፍ ሥር የሚቀመጥ ወንድ ሁሉ ያውቀዋል። ስለሚያውቀውም ለማንም አይናገረውም።

ማሩ ውሉን ዳኛ ፊት ጨርሶ ቤቱ ሲገባ አልጣሽ ብቅል ታሰጣ ነበር።

«ብሩ ተገኘ፤ ወይራ ሥርን ወለድ አገድ ሰጠኋት» አላት።

«እግዜር ይመስገን፤ ወለድ ከሌለውማ ቀላል ነው» አለችና ብቅሏን መበተን ቀጠለች።

ነገሩ ያለቀው እዚህ ላይ ነው። ማሩ ምን እንደ ሰማች አልጠየቃትም፤ እሷም ምን ማለቱ እንደ ሆነ አልጠየቀችውም። አልጣሽ በልጅነቷ፣ ስማዳ፣ አባቷ የተበደሩትን ብር በመሬት ሲከፍሉ አይታለች። ያ ሌላ ውል ነበር። ባለ ብሩ መሬቱን ለጥቂት አዝመራ አርሶ፣ ብሩ በእህሉ እየተቆረጠ ሲያልቅ መሬቱን ለቆ ሄደ። ስሙን ግን አልሰማችም፤ ልጅ ነበረች። አሁን ስም ስትሰማ ያንን ያየችውን ነገር አነሳችና ይህን ስም ሰጠችው።

ከዚያ ዓመት ጀምሮ የግራዝማች ሰዎች ወይራ ሥርን አጭደው ሲወቁ አልጣሽ ከአውድማው አትጠፋም። ስንዴውን ታበጥራለች፤ ገለባውን ትጠርጋለች፤ ከግራዝማች ሚስት ጋር እየተጫወተች ትውላለች። መንደሩ «ምነው ይቺ ሴት፣ ቃርሚያ ልትለምን ነው?» እያለ አማት። እሷ ግን እየቆጠረች ነበር። ስንት ዳውላ እንደ ወጣ፣ ዳውላው በዚያ ሰሞን አርብ ገበያ ላይ ስንት እንደሚያወጣ ትይዛለች። ከዚያም ግማሹን ትቀንሳለች። በሬው የእሳቸው ነው፤ ዘሩ የእሳቸው ነው፤ ጉልበቱም የእሳቸው ነው፤ ስለዚህ ግማሹ ለእሳቸው ይገባል ብላ። ቀሪውን ግማሽ ከመቶ ሃያው ላይ ታወርዳለች። እንዲህ ጠንቃቃ፣ እንዲህ ለሰው እንኳ የሚያስብ ሒሳብ ነበር። ሳስበው አንጀቴን የሚበላኝ ይኸው ነው። ጥሬ ሒሳብ ቢሆን ኖሮ ስሕተቱ ቶሎ ይታወቅ ነበር።

በአራተኛው ዓመት እግዜር እጁን ዘረጋልን። ተልባው ያዘ፤ ገብሱ አፈራ፤ ማሩም ያሳደጋትን በቅሎ በጥሩ ዋጋ ሸጣት። ወንድሜ ዕድሜ ልኩን ያን ያህል ብር በእጁ ይዞ አያውቅም። በኋላ፣ ነገሩ ሁሉ ካለፈ በኋላ፣ የዚያን ቀን የተባባሉትን አንድ በአንድ ነግሮኛል።

ማሩ ጥዋት ተነስቶ ነጠላውን ለበሰ።

«ወዴት ነህ?» አለችው።

«ግራዝማች ዘንድ። ወይራ ሥርን ላስለቅቅ ነው፤ ብሩ ሞልቷል።»

«ሁለት ጊዜ ልትከፍል?»

«እንዴት ሁለት ጊዜ?»

«ስሙን የነገርኸኝ አንተው አይደለህም? ወለድ አገድ አላልኸኝም?»

«ብያለሁ እንጅ።»

«ወለዱ ታግዷል ማለት አይደለም?»

«ነው።»

«ወለዱ ከታገደ ታዲያ በየዓመቱ የሚያፍሱት እህል የምን ነው? የወለዱ ነው እንዳትለኝ፤ እሱ ታግዷል። የዋናው ነዋ! ከግማሽ በላይ ተከፍሏል። ትንሽ ዓመት ብትታገሥ መሬቷ ራሷን ከፍላ ትመጣለች።»

እስቲ ምን ይባላል? ዛሬም ቢሆን ከአነጋገሯ ላይ እንከን ላወጣበት አልችልም። ቃሉ እንደዚያ ይላል። ማሩ ግራ ተጋብቶ ቆመ።

«ሰው ግን ብር ይዞ ሲሄድ ነው የማየው» አላት።

«ሰው ሁሉ ሚስቱን ጠይቆ ነው የሚሄደው?»

ሳቀ። «እንግዲያው ግራዝማችን ልጠይቃቸው?» አለ ደግሞ።

«ጠይቃቸውና ‹ገና ነው› ይበሉህ። የሚያፍስ ሰው በቃኝ ሲል አይተህ ታውቃለህ? ዝም በላቸው። ሲሞላ እኛው እንነግራቸዋለን። ለማንም ትንፍሽ እንዳትል፤ የቤታችን ገበና ነው።»

ማሩ ነጠላውን አውልቆ መልሶ ሰቀለ። አንድ ሰው፣ አንድ ጎረቤት፣ ያን ሒሳብ ቢሰማ ኖሮ በሳቅ ፈርሶ እውነቱን ይነግራቸው ነበር። ግን የቤት ሒሳብ ለጎረቤት የሚነገር አይደለም። ባለሙያ ሴት ጎተራዋ ምን እንዳለው አታወራም፤ ዓይንም አለ፣ ምላስም አለ። እኔም የባሏ እኅት ሆኜ አንዲት ቃል አልሰማሁም።

ብሩም ቤት ውስጥ አልተቀመጠም። በዚያው ዓመት አንዲት ልጃቸው ፈትለወርቅ ከእስቴ ታጨች። የልጁ ወላጆች ከብት ያላቸው ሰዎች ናቸው፤ እነሱ የሚሰጡትን ያህል መስጠት ክብር ነው። በበቅሎዋ ዋጋ ላይ ጊደርና ላም ተጨምሮ ልጅቷ በደንብ ተዳረች። ሠርጉ እስከ ዛሬ ይወራል። አልጣሽ ያን ዕለት የለበሰችው ጥልፍ ቀሚስ፣ የተራመደችው አረማመድ አሁንም ከዓይኔ አይጠፋም። ዕዳዋ በራሱ ጊዜ እየቀለለ፣ ልጇ እየተዳረች፣ ከዚህ በላይ ምን ደስታ አለ?

በ1956 ዓ.ም. ጥር ላይ፣ የወይራ ሥር ስንዴ ተወቅቶ ሲገባ፣ «ሞላ» አለች። እንዲያውም ጥቂት ተርፏል፤ ትርፉን ለግራዝማች ስለ ደግነታቸው ልትተውላቸው ወስናለች። ጠላ ጠመቀች። ሽማግሌ ሆነው መሪጌታ ቀለመወርቅና አንድ ሌላ አዛውንት ተለመኑ፤ «መሬት ልንረከብ ነው» ብቻ ነው የተባሉት። እነሱም ማሩ ብሩን አግኝቷል ብለው ደስ ብሏቸው ተነሱ። እኔ ጠላውን ይዤ አብሬ ሄድሁ።

ግራዝማች ጥጋቡ በደጃቸው ካለው ዛፍ ሥር አጎዛ አስነጥፈው ተቀበሉን። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ይህን ለመናገር አፌን አይዘኝም። ክፉ ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር። ጠላው ተቀዳ፤ ጤና ተጠያየቅን፤ የአዝመራው ነገር ተነሳ።

«ይሁን እንግዲህ፣ ማሩ። ብሩን እዚሁ ሰው ፊት ቁጠረው፤ መሬትህን ተረከብ» አሉ ግራዝማች።

ማሩ ወደ አልጣሽ ዞረ። አልጣሽ ከኋላ፣ ከእኔ ጎን ነበር የተቀመጠችው። ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች።

«የምን ብር ነው ጌታዬ?» አለች በትሕትና። «ብሩማ ዘንድሮ አለቀ። እኔ ከአውድማው አልተለየሁም፤ ግማሹን ለድካምዎ ትቼ ነው የቆጠርሁት። እንዲያውም ትርፍ አለዎት፤ እሱን ምረናል።»

ማንም አልሳቀም። ብዙ ጊዜ አስባለሁ፤ ቢስቁ ይሻል ነበር። አዛውንቱ አንገታቸውን ደፉ። ግራዝማች የያዙትን ዋንጫ ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡና ወደ ማሩ ተመለከቱ።

«ማሩ፣ ለሚስትህ አልነገርሃትም?»

የማሩ ፊት አመድ መሰለ። መሪጌታ ቀለመወርቅ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ አልጣሽ» አሉ፤ «ነገሩ እንዳልሽው አይደለም። ወለድ አገድ ማለት ወለዱ የለም ማለት ሳይሆን ወለዱ በእህሉ ተያዘ ማለት ነው። እህሉ ስለ ወለዱ ገባ። ዋናው ብር እንደ ቆመ ነው።»

«ስንቱ ነው የቆመው?» አለች።

«መቶ ሃያው።»

«ከመቶ ሃያው ምን ያህል ተቀነሰ?»

«ምንም አልተቀነሰም፣ ልጄ።»

«ይህን ሁሉ ዓመት በልተው?»

«እሱ የወለዱ ነው።»

ቆማ ቀረች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ሒሳቡን ከመጀመሪያው እንደ ገና ታወርድ ነበር መሰለኝ። ከዚያ ወደ ማሩ ዞራ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «የበቅሎዋ ብር ይበቃ ነበራ» አለችው። ማሩ ራሱን ነቀነቀ። ጠላውን እንኳ ሳንጨርሰው ተነሳን።

ወንድሜ ከዚያ ቀን በኋላ አንድም ክፉ ቃል አልተናገራትም። እሷ ግን ክፉ ቃል ትፈልግ ነበር። ቢሰድባት፣ ቢመታት፣ ወደ አባቷ ቤት ቢሰዳት ደስ ይላት እንደ ነበር ለእኔ ነግራኛለች። እሱ ያው «ሁለታችንም አላወቅንም» ይላታል። የገብሱን ክፍልፋይ ተወችው፤ የዘሩንም የክረምቱንም ቀላቀለችው። እህል ልታስፈጭ ስትል «ምን ያህል ላውጣ?» ብላ እሱን ትጠይቃለች። እሱም «የፈለግሽውን አውጪ» ይላል፤ ሌላ መልስ አያውቅም። በዚያ ክረምት ለመጀመሪያ ጊዜ አልጣሽ ቁና ይዛ እኔ ቤት መጣች። ሰጠኋት፤ እሷም ቀና ብላ አላየችኝም።

መቶ ሃያ ብር ከየት ይምጣ? ከብቱ በልጅቷ ሠርግ ወጥቷል። የቀረው አንድ ጥማድ በሬ ነው፤ እሱን ሸጦ መሬት ቢያስለቅቅ በምን ያርሰዋል? በዚያን ዘመን ብር የሚፈልግ ሰው መንገዱ ወደ ሁመራ ነበር። የሰሊጥ እርሻ ተከፍቶ ሰው እንደ ጉድ ይጎርፍ ነበር። የሚመለሱት ጥሬ ብር፣ አዲስ ካኪና ወባ ይዘው ይመለሳሉ። የመንደራችን ልጅ አስማረ ሁለት ጊዜ ደርሶ መጥቷል። ማሩ ከእሱ ጋር ተነሳ። የደጋ ሰው ነው፤ ዕድሜውም ገፍቷል፤ ቆላ ወርዶ አያውቅም። «አትሂድ» ብዬ እግሩ ላይ ወድቄ ለመንሁት።

«የአባታችን መሬት ነው፣ ካሣነሽ። ሰው እጅ ትቅር?» አለኝ።

በመጀመሪያው ዓመት ተመለሰ። ሃምሳ ብር ይዞ መጣ፤ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ፣ ጉንጩ ጎድጉዶ። ትኩሳቱ እየመጣ እየሄደ ዓመቱን ሙሉ ሲያንቀጠቅጠው ከረመ። አልጣሽ ብሩን አልነካችውም፤ እሱ ራሱ ቋጥሮ ከማገሩ ላይ ሰቀለው። «ከእንግዲህ አይሄድም» ብለን ሁላችንም አምነን ነበር። ሰኔ ሲገባ አስማረ ሲነሳ፣ እሱም ተነሳ። አልጣሽ ከኋላው እስከ ወንዙ ድረስ ሄደች። «ይቅር፤ መሬቱ ይቅርብን» አለችው። «አንድ ዓመት ነው የቀረው» አላት። ሒሳብ የማይሆንለት ወንድሜ ያን ሒሳብ ብቻ አጥርቶ ያውቀው ነበር።

ኅዳር ላይ አስማረ ብቻውን መጣ። እልፍኝ ሳይገባ ከአልጣሽ ደጅ ላይ ቆሞ ባርኔጣውን ሲያወልቅ አየሁና ገባኝ። ማሩ የሰሊጡ አጨዳ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ወድቆ፣ በሦስተኛው ቀን አርፏል። እዚያው ከሌሎች ጋር ቀበሩት። ቄስ እንኳ የተገኘው በስንት ፍለጋ ነው አለን። አስማረ ታማኝ ልጅ ነው፤ የማሩን ደመወዝ ከአሠሪው ተቀብሎ፣ በማሩ በራሱ ጋቢ ጫፍ ቋጥሮ፣ አንድ ሳንቲም ሳያጎድል ለአልጣሽ ሰጣት።

ሰው ሁሉ ያ ብር ለምን እንደሚውል ያውቃል። ሰው በእንግዳ አገር፣ ያለ ዘመድ፣ ያለ ፍታት ማለት ይቻላል፣ ወድቆ ቀርቷል፤ ተዝካሩ በአገሩ ይወጣለታል። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። መሪጌታ ቀለመወርቅም ሊያነጋግሯት መጡ። አልጣሽ ሁሉንም ሰማች። ሁለቱን ቋጠሮ አንድ ላይ ስትፈታው ከመቶ ሃያው ጥቂት ጎደለ። ዓርብ ዕለት ያን ማሩ ለብሶት የሞተውን ጋቢ አጥባ አርብ ገበያ ወሰደችና ሸጠችው። ቅዳሜ መቶ ሃያ ብር ለግራዝማች ጥጋቡ ቆጥራ ወይራ ሥርን አስለቀቀች።

ቤቷ ገብቼ ጮኽሁባት። አሁንም ቢሆን አልጸጸተኝም፤ ወንድሜ ነው። «ለነፍሱ አንዲት እንስራ ጠላ እንኳ ነፈግሽው?» አልኋት። «ለመሬት ብለሽ?»

ከተቀመጠችበት አልተነሳችም።

«እታለም» አለችኝ፤ «ማሩ የሞተው እኮ በተዝካር ነው።»

ወጥቼ ሄድሁ፤ እስከ ሁዳዴም አላናገርኋት።

መሬቷስ ተመለሰች፤ ማን ያርሳት? በእኛ አገር ሴት ታጭዳለች፣ ታርማለች፣ ጓል ትከሰክሳለች፤ እርፍ ግን አትጨብጥም። ሴት ያረሰችው መሬት ዝናብ ያስቀራል ይባላል፤ ሞፈር ብትነካ ከሰው አፍ አትተርፍም። ከሁለቱ በሬዎች አንዱን እሷ ራሷ ለመብልና ለግብር ሸጣዋለች። የፈትለወርቅ ባል እስቴ የራሱ እርሻ አለው፤ መልእክት ተልኮበት «ዘንድሮ አይመቸኝም» ብሎ መለሰ። አስማረ ወባው ጥሎት ራሱን ችሎ አይቆምም። የጎረቤት ወንዶችም የየራሳቸውን ሳያዳርሱ የመበለት መሬት አያስታውሱም። ግንቦት ሊያልቅ ቀናት ሲቀሩት፣ ወይራ ሥር አረምና አሜከላ እንደ ለበሰች፣ ጥማድ ያለው፣ ለማሳዋም የቀረበ አንድ ሰው ብቻ ተገኘ። ግራዝማች ጥጋቡ። ለእኩል ሊያርሱላት ተስማሙ፤ እኩል የተባለው አዝመራው ለሁለት ተከፍሎ፣ ግማሹ ለአራሹ፣ ግማሹ ለባለ መሬቱ ሊሆን ነው።

ለውሉ እሷ ደጅ ተሰበሰብን። ያው መሪጌታ ቀለመወርቅ፣ ያው አዛውንት፣ ግራዝማችና ልጃቸው። እኔም ሰው እንዳይጎድልባት ብዬ መጣሁ። የሚቀዳ ጠላ አልነበረም። ግራዝማች አጠር አድርገው፣ «እንግዲህ ለእኩል ነው፤ እግዜር አዝመራውን ይባርክ» አሉና ሊነሱ ከዘራቸውን ጨበጡ።

«ጌታዬ» አለች አልጣሽ።

«አቤት።»

«እኩል ማለት ምን ማለት ነው?»

ሁላችንም ዞረን አየናት። እኩል ምን እንደሆነ የማያውቅ የጋይንት ሰው አልተወለደም፤ ሕፃን ልጅ እሸት ሲካፈል ያውቀዋል። የግራዝማች ልጅ ፈገግ ሊል ቃጣውና የአባቱን ፊት አይቶ ተወው።

«ያው እኩል ነዋ፣ አልጣሽ» አሉ ግራዝማች።

«ዘሩ የማን ነው? ከእኩሉ በፊት ነው የሚነሳው ወይስ ከእኩሉ በኋላ? ጭዱስ? ግብሩን የሚከፍለው ማን ነው? አንድ ዓመት ውርጭ ቢመታው የሚቆም ዕዳ አለብኝ?»

ድምፅዋ ከፍም ዝቅም አላለም። ሰው ፊት እንዲህ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም፤ ማሩ እያለ እንዲህ አይደለም የምትናገረው። መሪጌታ ጥቁር ነጠላዋን አዩና ዓይናቸውን ወደ መሬት መለሱ። ግራዝማች ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት።

«ይኸን ሁሉ ያን ጊዜ ብትጠይቂ ኖሮ፣ ልጄ» አሉ፤ ሊነቅፏት ሳይሆን ከልባቸው አዝነው።

«ያን ጊዜማ የማውቅ መስሎኝ ነበር» አለች አልጣሽ።

ግራዝማችም እንደ ገና ተደላድለው ተቀመጡና ከዘሩ ጀምረው ያስረዷት ጀመር።